ቀበቶ የታሰረላቸው ቅጠሎች

ራቢያ ሱሩር አንዱን ተክል ሌላ ነው ብላ ሸጣ አታውቅም። ይህ እንደ ሙያ የሚቆጠረው እንዲያ የሚያደርጉ ስላሉ ነው። አበባ ሳያወጣ የተገዛ ተክል ምን እንደሚያወጣ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ነጭ ጽጌረዳ ብሎ የወሰደ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ሮዝ ቢያብብበት፣ ታክሲ ተሳፍሮ ሊጣላ የሚመጣው ከመቶ አንዱ ቢሆን ነው። ራቢያ ያንን አንዱን ስትፈራ ኖራለች። ስለዚህ ያላወቀችውን «አላውቀውም፣ ሲያብብ እናየዋለን» ትላለች እንጂ ገዢው እንዲወስድላት ብላ ያልሆነ ስም አትሰጥም። በዚህ ጠባይዋ ብዙ ገበያ አምልጧታል። የቀሯት ደንበኞች ግን ከሃያ ዓመት በላይ የተመላለሱ ናቸው።

ቦታዋ ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። በአንድ ግቢ የግንብ አጥርና በእግረኛው መንገድ መካከል የተረፈች፣ ርዝመቷ አርባ እርምጃ፣ ስፋቷ አምስት የማይሞላ ቁራጭ መሬት። ፈቃዱ መጀመሪያ የአባቷ ነበር። አቶ ሱሩር ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ቪላ አትክልተኛ ሆነው ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እጃቸው አልቀመጥ ብሎ እዚህ ችግኝ ማፍላት ጀመሩ። ራቢያ ያኔ ታይፕ ተምራ ሥራ እየፈለገች ነበር። አባቷ ወገባቸውን ሲታመሙ ለአንድ ወር ውሃ ላጠጣላቸው ብላ መጣች። አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ወሩ አላለቀም።

መግቢያው ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ተክል ቆሟል። በሙያው ስሙ አካሊፋ ነው፤ ገዢው «ቀዩ ቅጠል» ይለዋል። አበባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቅጠሉ ግን መዳፍ ያክላል፣ መልኩም እንደ መዳብ ድስት ቀይ ነው። አቶ ሱሩር ከሚሠሩበት ቪላ አጥር ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተው የተከሉት ነው። ቪላው ፈርሷል፣ አባትየውም ከሞቱ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ተክሉ ግን አለ። ራቢያ የምትሸጠው አካሊፋ ሁሉ የዚህ የአንዱ ልጅ ነው። ልጅ ሲባል ከዘር የበቀለ ማለት አይደለም። ቅርንጫፉ ይቆረጣል፣ አፈር ላይ ይሰካል፣ ሁለት ወር ያህል ታግሰው ሲጠብቁት ሥር ያወጣል። እናቱን የማይመስልበት ምክንያት የለም።

በጥር ወር መሓሪ የሚባል ወጣት መጣ። ካዛንቺስ ውስጥ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር የአበባ መደብ የሚሠራ አንድ ተቋራጭ የቀጠረው የአትክልት ባለሙያ ነው። ብርቱካናማ ሰደርያውን ሳያወልቅ ገባና ትልቁ አካሊፋ ፊት ቆመ፣ ዞረው፣ በስልኩ ፎቶ አነሳው። በቃ ይኼ ነው አለ፤ አራት መቶ፣ ለግንቦት መጀመሪያ። ራቢያ ቁጥሩን ስትሰማ ትንሽ ደነገጠች፣ ግን አላሳየችም። የዚህ የራሱ ልጆች ናቸው የማደርስልህ አለችው። እሱም እንደዚህ ቀይ ከሆነ ሌላ ነገር አልፈልግም ብሎ ሄደ።

እስከ መጋቢት ሁሉም ደህና ነበር። ችግኞቹ ሥር ሰድደው ሦስት ሦስት ቅጠል አውጥተው ሳለ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ሩብ ሰዓት አልቆየም። ሲያባራ ቅጠሉ ሁሉ አይጥ የበላው ጨርቅ መስሎ ነበር። ራቢያ መሃል ቆማ ዙሪያውን አየችና ጥርሷን ነከሰች። በማግስቱ መርካቶ ሄዳ አረንጓዴ የጥላ መረብ ገዛች፣ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ደርባ ዘረጋችው። ከበሽታ የተነሳ ልጅ እንደሚቀለበውም በየሳምንቱ ዩሪያ በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። አባቷ ለቀይ ቅጠል ጥላ አይዘረጉም ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ተናግረው አያውቁም፣ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

ችግኞቹ ተነሱ ብቻ ሳይሆን ወፈሩ። ቅጠላቸው ሰፋ፣ ግንዳቸው ረዘመ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ማሻ አላህ አለ። ሲወፍሩም አረንጓዴ ሆኑ። ራቢያ ይህን አላየችም ቢባል ውሸት ነው፤ አይታለች። ለጋ ስለሆኑ ነው፣ ሲጠነክሩ ይቀላሉ ብላ ለራሷ ነግራ አለፈችው። እውነቱን ለመናገር ውፍረታቸው ደስ ስላሰኛት ሌላውን ለማየት አልፈለገችም።

ግንቦት ሁለት ቀን የመጀመሪያዎቹን ስልሳ ችግኞች በአይሱዙ አስጭና ካዛንቺስ ወረደች። ሰው ልካ አታውቅም፣ ሁሌም ከዕቃዋ ጋር ነው የምትሄደው። ሠራተኞቹ መደቡን እየቆፈሩ ነበር። መሓሪ አንዱን ችግኝ አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አየ፣ እንደገና ችግኙን አየ።

«እትዬ ራቢያ፣ ይኼ ምንድነው?»

«አካሊፋ ነዋ።»

«እኔ ያዘዝኩት ቀይ ነው። ማለቴ፣ ይኼ ሌላ ዘር ነው።»

ከዚያው ከበሩ ተክል በገዛ እጇ የቆረጠችው መሆኑን ነገረችው። በረዶውን፣ መረቡን ሁሉ ነገረችው። እሱ ፎቶውን እያሳያት ራሱን ነቀነቀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ግን ቀስ ብሎም አልተናገረም።

«ሳምፕል አሳይቶ ሌላ ማምጣት ለምደናል። ከእርስዎ ግን አልጠበቅኩም።»

አካፋዎቹ ቆሙ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ ዲሪባ የሚባል ቀጭን ሰው፣ ሳቅ አለ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ማንም የሚስቀው ዓይነት ነው። ራቢያ ግን ከመሓሪ ንግግር ይልቅ ያ ሳቅ ነው ውስጧ የገባው። ስልሳውን ችግኝ ራሷ መልሳ ጫነች።

መሓሪ ሰው ለመበደል የሚፈልግ ልጅ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነገሩን በዓይኔ ልይ ብሎ ቦታዋ ድረስ መጣ። ጎንበስ ብሎ ከመረቡ ሥር ገባና አየ። ጥላ ነው አረንጓዴ ያደረገው የሚለውን ለማመን ሊቃጣው ነበር መሰል። ከዚያ ዓይኑ በአካሊፋዎቹ ጎን፣ በዚያው መረብ ሥር በተደረደሩት አጫጭር ተክሎች ላይ አረፈ። ቅጠላቸው የተቀቀለ ቀይ ሥር የሚመስል፣ ለመደብ ጠርዝ የሚተከሉ ናቸው። ትንሽ ፈዘዝ ከማለታቸው በቀር ቀይ ናቸው።

«ታዲያ እነዚህስ? እነሱም ጥላ ውስጥ ናቸው እኮ።»

ራቢያ ከአጫጭሮቹ አንዱን አንስታ ገልብጣ አየችው። መሓሪ ሪፖርቱን ማክሰኞ እንደሚያስገባ ነገራት። አቅራቢዋ ከታየው ሳምፕል ሌላ ተክል አቀረበች ብሎ ይጽፋል፣ ትእዛዙ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፣ ስሟም ከአቅራቢዎች ዝርዝር ይወጣል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ደግሞ አንድ ቢሮ ውስጥ አይቀርም። ተቋራጭ ለተቋራጭ ይደዋወላል፣ በሳምንቱ ከሜክሲኮ እስከ ደምበል ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

በዚያ ምሽት ራቢያ እራቷን አልበላችም። ያሳፈራት ሌባ መባሏ ብቻ አልነበረም። እውነት ተሳስቼ ከሌላ ተክል ቆርጬ ይሆን እያለች የራሷን እጅ መጠርጠር ጀመረች። ጠዋት ሄዳ ያላትን ተክል ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ከበሩ በቀር ሌላ አካሊፋ የላትም። የዚያ ልጆች ካልሆኑ ከሰማይ ነው የወረዱት። ይህን እያወቀች ለሌላ ሰው ማስረዳት አለመቻሏ ይበልጥ አንገበገባት።

ቅዳሜ ጋሽ ፀሃዬ መጡ። ጋሽ ፀሃዬ ከአንድ የዕፅዋት ምርምር ላቦራቶሪ በቴክኒሺያንነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራቸው ቅጠል በአልኮል መፍጨት፣ ማጣራት፣ የወጣውን ቀለም በመሣሪያ መለካት ነበር። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደርሷቸዋል። በረንዳቸው በተክል ተሞልቶ መቆሚያ የለውም፣ ግን በየቅዳሜው ሁለት ታክሲ ይዘው ራቢያ ጋ መምጣታቸውን አልተዉም። ራቢያ የሆነውን ሁሉ ስትነግራቸው አንድ ቅጠል ገለበጡ፣ አንገቱን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፣ ቀና ብለው መረቡን አዩ። ምን እንዳበላቻቸው ጠየቋት። ዩሪያውን ስትነግራቸው ሳቁ፣ እሷም ተቀየመች። በዚያ ሳምንት ሳቅ በዝቶባት ነበር።

«ራቢያ፣ ቅጠል የሚቀላው ለእኛ ሊያምርልን ብሎ አይደለም» አሉ። «ፀሐይ ሲበረታበት ራሱ ሠርቶ የሚዘረጋው ጃንጥላ ነው። አንቺ ጃንጥላ ገዝተሽ ዘረጋሽለት። እሱ ለምን ይድከም?»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ፀሃዬን ማቆም አልተቻለም። የአበባ መደርደሪያውን ግንድ ወንበር አድርገው ተቀምጠው አስረዷት። ያ ቀይ ፍላቮኖይድ ከሚባል ትልቅ ቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ አብዛኛው አባል ለዓይናችን ቀለም የለውም፤ አንዳንዱ ደብዛዛ ቢጫ ነው። ግን ሁሉም ሥራ አለው። የሚያቃጥለውን የፀሐይ ጨረር የሚመክት አለ፣ ቅጠሉ ለሚበሉት ነፍሳት መራራ እንዲሆን የሚያደርግ አለ። ተክሉ እነዚህን የሚሠራው ገላውን ከሚገነባበት ነገር ጥቂት ቆንጥሮ ነው። ነገሩ ሳምቡሳ ቤት ይመስላል አሉ፤ አንዱ ያቦካል፣ አንዱ ይዳምጣል፣ አንዱ ይሞላል፣ አንዱ ይጠብሳል። ቅጠሉ ውስጥም ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ፣ አንዱ ሠርቶ ለቀጣዩ ያቀብላል። መጀመሪያ የሚወጣው ቀለም የለውም፣ ቀዩ የሚገኘው ከመጨረሻዎቹ እጆች ነው።

ራቢያ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማች። ሠራተኞቹ ታዲያ የት ሄዱ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ፀሃዬ ጥያቄው አስደሰታቸው። ሠራተኞቹን የሚጠራ እንደ መብራት ማብሪያ ያለ ነገር በተክሉ ውስጥ አለ፣ የሚጫነው ደግሞ ብርሃን ነው አሉ። ብርድና ረሃብም ይጫኑታል። ብርሃን ከሌለ አይጠሩም፣ ምክንያቱም ቀዩን ለመሥራት ስኳር ይወጣል፣ ተክል ደግሞ ያለ ምክንያት ስኳሩን አያባክንም። ዩሪያ ሲበዛለት ያለ የሌለ ኃይሉን ወደ ማደግ ያዞራል፣ ቀዩን ይረሳዋል። «በአጭሩ አጥግበሽ አስተኛሽው» አሏት።

ራቢያ ግን መሓሪ ከመረቡ ሥር የጠየቃትን አልረሳችም። እነዚያ ቀይ ሥር የመሰሉትስ ብላ በጣቷ አሳየቻቸው። ጋሽ ፀሃዬ ሳያዩ ነው የመለሱት። የእነሱ ቀይ የዚህ ቤተሰብ አይደለም። ከቀይ ሥር ወገን ናቸው፣ ቀለማቸውን የሚሠሩት ጨርሶ በሌላ መንገድ ነው፣ ስሙም ሌላ ነው። አንዱን ቀይ የሚሠራ ተክል ሌላውን አይሠራም፣ ሁለቱንም የሚሠራ እስካሁን አልተገኘም። የእነዚህ ቀይ በትንሽ ጥላ ይፈዝዛል እንጂ እንደ አካሊፋ ጥሎ አይጠፋም። «ለዓይንሽ ይመሳሰላሉ እንጂ ሁለቱ አይተዋወቁም» አሉ።

ራቢያ እፎይ አለች። እጇ አልተሳሳተም። ጋሽ ፀሃዬ ሊሄዱ ሲነሱ፣ መረቡን ስታነሺ ቀስ ብለሽ ይሁን፣ አሁን ጃንጥላ የላቸውምና ይቃጠላሉ አሏት። እሺ አለች፣ ሐሳቧ ግን መሓሪ ጋ ሄዶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ካዛንቺስ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ካለው የሳይት ቢሮው አገኘችው። የሰማችውን በራሷ ቋንቋ አስረዳችው። መሓሪ በጥሞና አዳመጣት፣ አልገባኝምም አላለም። ተምሮታል፣ ረስቶት ነው እንጂ። የተናገረው ሌላ ነው። አምና አንድ ሰው የደረቀ ሣር አቅርቦለት ነበር፤ ለምን እንደደረቀ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያማረ ማብራሪያ ሰጠው፣ እሱም አመነ፣ ሣሩ ግን ደርቆ ቀረ። አለቃው በሰው ፊት አዋርዶታል። አሁን የሚፈልገው ማብራሪያ ሳይሆን ቀይ ቅጠል ነው። ራቢያ ሃያ ቀን ስጠኝ አለችው። ብዙ አሰበና፣ መደቡ የሚመረቀው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ እስከዚያ ሪፖርቱን ላቆየው እችላለሁ አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ግን ዓይኗን እያየ መናገር አልቻለም።

«ግን እትዬ ራቢያ፣ በሃያ ቀን ውስጥ ከሌላ ቦታ ቀይ ገዝተው ቢያመጡስ? እኔ በምን አውቃለሁ?»

ክው አለች። ግን ጥያቄው ተገቢ እንደሆነ አልጠፋትም፤ እሷም በሱ ቦታ ብትሆን ትጠይቀው ነበር። መሓሪ በየፕላስቲኩ ላይ በማርከር ልፈርም አለ።

«እኔ ሌባ ከሆንኩ ፕላስቲኩን ቀድጄ ሌላ ተክል መክተት ያቅተኛል?» አለችው። «ምልክቱን ቅጠሉ ላይ አድርገው።»

በዚያው ቀን አብረው ወደ ቦታዋ ሄዱ። ራቢያ የታሸገ ውሃ የመጣበትን ካርቶን ሁለት ሁለት ጣት አድርጋ በመቀስ ሸረከተችው። መሓሪ በየቁራጩ ላይ ፈረመ፣ የወደደውን ችግኝ ከየረድፉ መረጠ፣ ካርቶኑን በቅጠሉ ወገብ ላይ እንደ ቀበቶ ጠቅልሎ ጫፍና ጫፉን በስቴፕለር መታ። ትልልቆቹ ቅጠሎች ሊረግፉ ስለሚችሉ ከጫፍ ያለውን ለጋ ቅጠል እንዲያስር የነገረችው እሷ ናት። ሃያ ችግኝ፣ ሃያ ቀበቶ። በእግረኛው መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዩ፤ አንዷ ሴትዮ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው ብላ ጠየቀች።

መሓሪ እንደሄደ ራቢያ ጉድ ሠራች። ቀስ በይ የተባለችውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ ሁለቱንም ድርብ መረብ በእኩለ ቀን ገፍፋ ጣለችው። ቀኑ አጭር መስሏት ቸኮለች። በሦስተኛው ቀን ትልልቆቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቅ ወረቀት ተኮማተረ። አንዱን ስትነካው እጇ ላይ ተሰበረ። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ አንዱን ድርብ መልሳ ሰቀለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት ትገልጠዋለች፣ ስድስት ሰዓት ላይ ትጋርደዋለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ትገልጠዋለች። የዩሪያውን ጆንያ አስራ ከአጥሩ ጀርባ ባለው ግቢ ዘበኛ ቤት አስቀመጠችው፣ እጇ እንዳይለምድባት። የጋረደችበትንም ሰዓት በየቀኑ ቀነሰችው።

ስምንተኛው ቀን አለፈ፣ ዘጠነኛው አለፈ፣ ምንም የለም። ሁለት ቀን ደመና ሆነ። ራቢያ ጋሽ ፀሃዬን በልቧ ታማቸው ጀመር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈጩት ቅጠል የሌላ አገር ቅጠል ይሆናል አለች። ቅዳሜ ሲመጡ አንድ ሁለቱን አየት አድርገው ጠብቂ ብቻ አሏት፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። ትተውኝ ሸሹ ብላ ቅር አላት።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ስታጠጣ፣ በአንድ ለጋ ቅጠል አንገት ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ የመሰለ ቀጭን መስመር አየች። መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየችው። ጎማውን ጥላ ሌሎቹን አየች። በአብዛኞቹ ላይ አለ። በማግስቱ መስመሩ ወደ ቅጠሉ ደም ሥር ገባ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ጎን ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የምትመጣው ሥራ ልትሠራ ሳይሆን ልታይ ነበር። ቀበቶዎቹን አልነካቻቸውም። ነካክታቸዋለች እንዳይባል ፈርታ በዝናብ እንዳይረጥቡ እንኳ አልሸፈነቻቸውም። ከሃያዎቹ ቅጠሎች ሁለቱ ሲረግፉ ከነቀበቶአቸው አንስታ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አኖረቻቸው።

በሃያኛው ቀን መሓሪ መጣና መግቢያው ላይ ቆመ። ችግኞቹ የእናታቸውን ያህል አልጠቆሩም፣ ግን ቀይ ናቸው። የታችኞቹ ትልልቅ ቅጠሎች ጥቂቱ አሁንም አረንጓዴ ነው፣ ከላይ ያለው ግን ሁሉ ቀልቷል። ሠላሳ አራቱ በእኔ ጥፋት ተቃጥለዋል፣ አልቆጥራቸውም ብላ እሱ ሳይጠይቃት ለብቻ የለየቻቸውን አሳየችው። መሓሪ ስልኩን አላወጣም። ወደ ቀበቶዎቹ ሄደ። ፊርማው የሱ ነው፣ ስቴፕለሩም አልተነካም። አንድ በአንድ አሥራ ስምንቱን አየ፣ በጣሳ ያሉትንም ሁለቱን አየ። እርግጠኛ ለመሆን ይመስላል፣ የአንዱን ስቴፕለር በጥፍሩ ፈልቅቆ ካርቶኑን ከቅጠሉ ላይ አወለቀ።

ከሥሩ አረንጓዴ ነው። ከላይም ከታችም ቀይ በሆነው ቅጠል መሃል፣ ሁለት ጣት ስፋት ያለው፣ ዳርና ዳሩ በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ አረንጓዴ ቀበቶ። ካርቶኑ ፀሐይ የከለከለው ቦታ ያው ግንቦት ሁለት ቀን ካዛንቺስ የወረደው አረንጓዴ ነው፤ ፀሐይ ያገኘው ደግሞ ጥር ላይ ፎቶ የተነሳው ቀይ። ሁለቱም አንድ ቅጠል ላይ።

መሓሪ ሌላ አንድ ፈታ። እሱም እንደዚያው ነው። እንደተንበረከከ ቀረ። ራቢያም ጎንበስ ብላ አየች፤ ይህን እሷም አልጠበቀችም፣ ጋሽ ፀሃዬም አልነገሯትም። ለሃያ ቀን ታስሮ የቆየው የራሷ ምስክር እንደነበረ የገባት ያኔ ነው።

«እትዬ ራቢያ፣ በቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እዚህ አይደለም» አለችው። «ሰው ፊት ነው ያልከኝ።»

መሓሪ አልተከራከረም። ቀሪዎቹን አሥራ ስድስት ቀበቶዎች ሳይፈታ ችግኞቹን ራሱ አይሱዙው ላይ ጫነ፣ ጋቢና አልገባም ብሎ ከኋላ እንዳይወድቁ ይዞ ሄደ። ካዛንቺስ ሲደርሱ ቆፋሪዎቹን ጠርቶ ሰበሰበና አንድ በአንድ ፊታቸው ፈታ። በሰባተኛው ላይ ዲሪባ ቀርቦ አረንጓዴውን በጣቱ አሻሸው፤ ቀለም የተቀባ መስሎት ነበር። አለቀቀም። መሓሪ ያን ቀን የተናገርኩት ስህተት ነው፣ ተክሉ ያው እሱ ነው፣ እሳቸው ያሉት ልክ ነበር አለ። ሲናገር ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ራቢያ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማች፣ ከዚያም ቶሎ ቶሎ አውርዱ፣ ፀሐይ ላይ ሥሩ ይደርቃል ብላ ሠራተኞቹን ማዘዝ ጀመረች።

የቅጠሎቹ ቀበቶ ብዙ አልቆየም። ፀሐይ ካገኘው በኋላ አረንጓዴውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀላ፣ የትኛው ታስሮ እንደነበር ማንም አይለየውም። ራቢያ አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ ወርዳ ፈልጋ አጥታዋለች። ቦታዋን ያለ ጠባቂ ትታ መጥታ ስለነበር ብዙም አልቆየች።

በሰኔ አጋማሽ፣ አንድ እሑድ፣ ዲሪባ ብቻውን ወደ ቦታዋ መጣ። ልብሱን ቀይሮ፣ ጫማውን ጠርጎ። ከቀዩ ቅጠል አንድ ለቤቴ ስጡኝ አላት። ቤትህ መስኮት አለው ወይ ብላ ጠየቀችው። የተከራየኋት ክፍል ናት፣ በር ብቻ ነው ያላት አለ። ራቢያ ያነሳችውን ችግኝ መልሳ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው አትውሰደው። እዚያ ገብቶ ቀይ አይሆንልህም፤ አረንጓዴ ነው የሚሆነው። በኋላ አታለለችኝ እንዳትል።»

ዲሪባ ጎንበስ ብሎ ችግኙን ራሱ አነሳው።

«ይሁን፣ ይስጡኝ» አለ። «አረንጓዴ ቢሆንስ፣ ያው እሱ አይደል?»

ራቢያ የፕላስቲኩን ጭቃ በእጇ ጠርጋ፣ እንዳያፈስበት በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችው።